የሪሃብ ሦስት ባሎች

ጎረቤቴ ራሒማ አንድ ዓርብ በአጥሩ ብቅ ብላ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«አንቺዬ፣ ሰማሽ ወይ! የሐጂ ሙዘይን ልጅ ሦስት ወንድ አገባች! አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ፀጉር ቆራጭ፣ አንዱ ሞባይል ጠጋኝ!»

«በአንድ ቀን?»

«በአንድ ቀን! በዚች በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ወላሂ!»

የራሒማ ጆሮ የከተማችንን የገዳሪፍን ቀርቶ የሩቁን የመፋዛን ወሬ ይለቅማል። የሚለቅመው ግን ሁልጊዜ ግማሹን ነው። የቀረውን ግማሽ እኔ ልንገራችሁ። ከሪሃብ ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት።

ሪሃብ የሐጂ የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሐጂ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓት። ሐጂን ታውቋቸዋላችሁ፤ አርባ ዓመት ሰሊጥ ነግደው ከሰሊጥ ሌላ ምንም ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ከእናቷ የቀረላት አንዲት በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና ናት። ሪሃብ መስፋቱን አልተማረችም። ዝም ብላ እጀታዋን ታዞራታለች። ቅር… ቅር… ስትል ዓይኗን ትጨፍናለች። ያን ጊዜ እናቷ ከወዲያኛው ክፍል ቁጭ ብላ የምትሰፋ ይመስላታል።

ዘንድሮ የኸሪፉ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ መኪናዋ ቀጥ አለች። እንቢ አለች። ሪሃብ እናቷ ሁለተኛ የሞተች መሰላት።

በባለ ሦስት ጎማ ረክሻ ጭና ወደ ገበያ ወሰደቻት፣ ከትልቁ ኒም ዛፍ ሥር። እዚያ ጓደኛዋ አሰጋሽ ሻይ ትሸጣለች፤ የጎንደር ልጅ፣ ምላሷ ከሻይዋ የሚያቃጥል! ከአሰጋሽ ጎን አንድ ጎልማሳ መርፌ በከንፈሩ ይዞ የጀለቢያ አንገት ይጠልፋል።

«ወንድሜ፣ እዚህ የሚቀመጠው ጠጋኝ የት ሄደ?» አለችው ሪሃብ።

መርፌውን ከአፉ አወጣ። «ምን ተበላሸ?»

«ለጠጋኙ ነው የምነግረው።»

«እሺ። ትንሽ ጠብቂው።»

ጥልፉን ቀስ ብሎ አጠፈ። መርፌውን ሰካ። ከኋላው ካለው ሳጥን ካቻቢቴ አወጣ። ቀና ብሎ አያትና፣

«መጣ» አላት።

አሰጋሽ ሻዩ እስኪደፋ ሳቀች! ሪሃብ ፊቷ እንደ በርበሬ ሆነ። ዓይኑን ግን አየችው። ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ ሜዳው ቀስ እያለ ሲጨልም አይታችኋል? እንደዚያ ያለ ዓይን ነው፣ ትላለች።

ኑዕማን ይባላል ሰውየው። መኪናዋን ፈታታት። ከሆዷ ውስጥ የተጠቀለለ ቀይ ክር አወጣ።

«ይሄ ነው ያነቃት። ልጣለው?»

«አትጣለው! የእናቴ ነው…»

አልሳቀባትም። ክሩን በወረቀት አጥፎ እንደ ወርቅ በሁለት እጁ ሰጣት። ዘይት ቀባ፣ አጠባበቀ፣ እጀታውን አዞረ። ቅር… ቅር…

ሪሃብ አለቀሰች። ከሰው መሀል፣ ከገበያ መሀል!

«አንድ ነገር አልነካሁም» አላት በቀስታ። «የክሩን ማጥበቂያ። ትንሽ ላላ ያለ ነው፤ ሌላ ሰፊ ቢያየው ያጠብቀዋል። ግን የእሷ እጅ የለመደው እንደዚያ ነው። ይቆይልሽ።»

እንግዲህ ሴት ልጅ ከዚህ በኋላ ምን ትሁን? እናንተው ፍረዱ።

ከዚያ ለት ወዲያ የሐጂ ቤት ዕቃ ሁሉ ተበላሸ! ዛሬ ራዲዮኑ፣ ነገ መቀሱ፣ ከነገ ወዲያ ፋኖሱ። ሪሃብ እየተሸከመች ከኒሙ ሥር። በሄደች ቁጥር ሌላ ኑዕማን ታገኛለች። አንዱን ቀን የሽማግሌ ፀጉር ሲቆርጥ፣ ሌላውን ቀን ከስደተኞች ካምፑ ለምትመጣ ለተሃይማኖት ለምትባል የትግራይ እናት በዐረብኛ ደብዳቤ ሲጽፍ። ልጇ በሽሽት ጠፍቶባታል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ታፈላልገዋለች። ኑዕማን ምንም ቢሠራ በከንፈሩ ውስጥ ያንጎራጉራል፣ ለራሱ ብቻ።

«ቆይ፣ ስንት ሥራ ነው የምታውቀው?» አለችው አንድ ቀን።

«ካርቱም ሳለሁ አንድ ነበረኝ። ሞባይል ጥገና፣ ባለ መስታወት ሱቅ። ሌላውን ሁሉ አገሬ ዶካ ልጅ እያለሁ የተማርኩት ነው፤ ጥልፉን ከእናቴ፣ መቀሱን ከአጎቴ። ንቄ ትቼው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ጦርነቱ ሱቄን በአንድ ጠዋት በላው። ባዶ እጄን መጣሁ ብዬ ሳለቅስ… እጄን አየሁት። ባዶ አልነበረም።»

ሪሃብም እጁን አየችው። የኒሙ ቅጠል እየረገፈ ከፀጉሯ ላይ ያርፋል፣ እሷ አታራግፈውም።

«ከሁሉ የቱን ትወዳለህ?»

«ሰው ይዞልኝ የመጣውን።»

ያን ቀን ሪሃብ ምንም አልያዘችም ነበር። ራሷን ብቻ።

በሁለት ወሩ ኑዕማን ሽማግሌ ላከ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ሦስት ሰዎች የሐጂ በር ቆሙ፤ ጣሃ የዶካው አውቶቡስ ሹፌር፣ ሁዜይፋ ጨርቅ ሻጩ፣ ሽማግሌው ቱርካ። ሐጂ ተቀብለው አስቀመጧቸው። ሪሃብ ጓዳ ገብታ እጇን በእጇ ይዛለች።

«መልካም» አሉ ሐጂ። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

እስቲ አስቡት! ሽማግሎቹ ተመካክረው አልመጡም። ጣሃ ፀጉሩን የሚቆርጠው ኑዕማን ነው። ሁዜይፋ ጨርቁን የሚያስጠልፈው ኑዕማን ዘንድ ነው። ቱርካ ደግሞ ሞባይሉ በታመመ ቁጥር ኑዕማን ጋ ነው። ሦስቱም በአንድ አፍ፣

«ፀጉር ቆራጭ!»

«ልብስ ሰፊ!»

«ሞባይል ጠጋኝ!»

ሐጂ አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። «ሦስት ወንድ ነው እንዴ ይዛችሁብኝ የመጣችሁት? ልጄን ለየትኛው ልስጥ?»

ራሒማ ከግድግዳው ማዶ ጆሮዋን ለጥፋ የሰማችው ይቺን ነው። ሰማችና ሮጠች። ቀጥሎ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያሉትን ግን አልሰማችም። ጓዳ ያለችው ሪሃብም አልሰማችም።

«ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝም» አሉ ሐጂ። «አንዱን ይምረጥ፣ ሌላውን ይተው። የዛሬ ሳምንት መርጦ ይምጣ። ለሪሃብ ይሄን እንዳትነግሩ፤ እሱም እንዳይነግራት። ከሰማች ትሟገተኛለች።»

እሑድ ለት ሪሃብ ከኒሙ ሥር ሄደች። መርፌ የለ። መቀስ የለ። ወረቀት የለ። ካቻቢቴና ሳጥኑ ብቻ። ኑዕማን አንገቱን ደፍቶ አንድ ሞባይል ያገላብጣል፤ ከንፈሩ ጸጥ ብሏል። አላንጎራጎረም።

ለተሃይማኖት ከካምፑ መጥታ ፊቱ ቆማለች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «ደብዳቤ መጻፍ ትቻለሁ።»

«ወደይ» አለችው፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «ወደይ፣ ምን በደልኩህ?»

ቀና አላለም። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ሪሃብ ደሟ ፈላ።

«ሽማግሌ ስለላክህ ኮራህ? ገና ሳታገባኝ ሰው ማየት አስጠላህ?»

«ሪሃብ… እስከ ዓርብ ታገሺኝ።»

«እኔ የማውቀው ሰው የት ሄደ?»

ጠበቀች። «መጣ» ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም። እንዳይነግራት ቃል አስገብተውታል፣ ምን ይበል!

ቤቷ ገብታ የእናቷን መኪና አዞረች። ቅር… ቅር… ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ አልመጣችም። የመጣው ክሩን በሁለት እጁ የሰጣት ሰው ነው። ማዞሩን ተወችው። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አሰጋሽ በጭቃ ተለውሳ ገባች።

«አንቺ ጅል! እዚህ ተኝተሽ ታለቅሻለሽ? ጣሃ ሻይ ሲጠጣ አምልጦት ሁሉን ዘረገፈልኝ። አንዱን ምረጥ ያሉት አጎትሽ ናቸው! ለአንቺ ብሎ ነው እጁን ያሰረው!»

ሪሃብ የተከናነበችውን ቶብ ሳታስተካክል ወጣች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። የገዳሪፍን ጭቃ ታውቁታላችሁ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ አንድ ጫማዋን ጋራዡ ጋ በላባት፣ አንዱን ከመስጊዱ አጠገብ። በባዶ እግሯ ደረሰች።

«ሦስቱንም ነው የምፈልገው!» አለችው እየተነፈሰች።

«ምን?»

«ጠላፊውንም፣ ቆራጩንም፣ ጠጋኙንም። ደብዳቤ ጸሐፊውንም! የሚያንጎራጉረውንም! አንዱን ብቻ ሆነህ ከመጣህ አላገባህም፣ ወላሂ!»

እግሯን አየ። ጭቃዋን አየ። ዓይኑ ያ ቀስ እያለ የሚጨልመው ሜዳ ሆነ።

«አጎትሽን እንዴት አድርገን?»

«አላውቅም። እኔ የማውቀው፣ ያቺ እናት ካምፕ ቁጭ ብላ ደብዳቤዋን እንደምትጠብቅ ነው።»

ኑዕማን ከሳጥኑ ሥር ብዕሩን አወጣ። የሴትዮዋን ልጅ ስም በቃሉ ያውቀዋል። መጻፍ ሲጀምር፣ ሳያውቀው፣ ከንፈሩ ውስጥ ያቺ ዜማ ተነሳች። ሪሃብ አጠገቡ ቁጭ አለች። ከቅጠሉ ላይ ጠብ… ጠብ… ይላል። ገበያው፣ ረክሻው፣ ጩኸቱ ሁሉ ርቆ ሄደ፣ ትላለች። ያን ሰዓት ዕድሜዬን ቢሉኝ እሰጥ ነበር፣ ትላለች።

ዓርብ ለት ሽማግሎቹ መጡ፣ ኑዕማንም አብሮ። አሰጋሽ ሻይ ልቀዳ ብላ ገብታለች። ውሸቷን ነው፤ ልትሰማ ነው። ሪሃብ በሩ ላይ ቆማለች።

«እህ፣ የትኛውን መረጥክ?» አሉት ሐጂ።

«ሐጂ፣ ሞከርኩ። አንድ ሳምንት አንድ ሰው ሆንኩ፤ ያቺን ሳምንት ራሴን ጠላሁት። የመረጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ አይደለም። እዚያ በሩ ላይ ቆማለች።»

ጣሃ ሳቁን በሳል አፈነ። ሐጂ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ይሄኔ ሪሃብ አላስቻላትም።

«አባ፣ ሴት ልጅ መፍተሉንም፣ መስፋቱንም፣ ማብሰሉንም ስትችል ባለሙያ ትላላችሁ፤ ታመሰግኗታላችሁ። ወንድ ሁሉን ሲችል ለምን ሥራ ፈት ይባላል?»

እንግዲህ ሠርጉን ሁላችሁም በልታችኋል። ሐጂ በሠርጉ ለት የለበሱትን የጀለቢያ አንገት ማን እንደጠለፈው ታውቃላችሁ፤ የሪሃብ ቶብ ጫፍ ላይ የነበረችውን ቀይ ክርም አይታችኋል። ከሦስቱ አንዱንም ሳያስጥሉ፣ ሐጂ ያኑ ለት የጋብቻውን ፋቲሃ አስነብበው ሰጧት። ፊታቸውን ምን እንደፈታው ግን ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት በቀር የሚያውቅ የለም። እንዲህ ነው የሆነው።

ሐጂ ጺማቸውን ዳበሱና፣ «ልጄ» አሉ፣ «ሰው በአንድ ሙያ ሲጸና ነው ሰው የሚሆነው። እኔን እይኝ፣ አርባ ዓመት ሰሊጥ! አንድ ሙያ ያለው፣ ከዚያች ንቅንቅ የማይል ብታመጪልኝ፣ አሁኑኑ እድርሽ ነበር።»

ጣሃም ሁዜይፋም ቱርካም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው ሐጂ፣ ልክ ነው።»

አሰጋሽ ማንቆርቆሪያዋን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አደረገች።

«ሐጂ፣ እንደዚያ ያለ ከፈለጉማ የውሃው ካሮ፣ ጋሪው፣ በር ላይ ቆሟል፤ አህያው ዕድሜውን ሙሉ ከመጎተት ሌላ ሙያ የለው፣ ንቅንቅም አይል! ወጥተው ይጠይቁት፤ እሺ ካለ ይዳሩለት!»

ሐጂ ጺማቸው እስኪርገበገብ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ለፋቲሃው እጃቸውን ዘረጉ።