ክቡ መስኮት

«አሁን ገና ክብ ሆነ» አለች እናቷ፣ ማስመሪያውን ከስክሪኑ ላይ ሳታነሳ። «ወርዱ ሃያ ሴንቲ፣ ቁመቱም ሃያ።»

ልጅቷ ከቤት ሥራዋ ቀና አለች። ስክሪን በማስመሪያ ሲለካ አይታ አታውቅም። እናቷ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ንድፍ ስታወጣ የኖረች ሴት ናት፤ ኮምፒውተሩ ከሚነግራት ቁጥር ይልቅ ማስመሪያዋን ታምናለች። አሁን የምትሠራው ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ክብ መስኮት የሚሆን የብረት ፍርግርግ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ በያጁ መጥቶ ንድፉን ይወስዳል፤ ብረቱም በዚያው ቅርጽ ይቆረጣል።

«ምን ሆኖ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«እንቁላል መሰለብኝ። ከግራና ከቀኝ ሳጠብበው አረፈድኩ።» እናቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ዓይኖቿን አሸች። «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ። ለበያጁም ዛሬ እነግረዋለሁ፤ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይፈልግ።»

ልጅቷ ክው አለች። ይህንን ሰፊ ስክሪን ትናንት የገጠመችው እሷ ናት። ፊደሎቹ ወደ ጎን መወፈራቸውንም አይታ ነበር። ግን ጓደኞቿ ሜዳ ላይ እየጠበቋት ስለነበር «አለቀ» ብላ ኳሷን ይዛ በረረች። ፊደል ቢወፍር ማንን ይጎዳል?

«እማ፣ ተነሺልኝ እስቲ።»

«ሰዓቱ ደርሷል እኮ።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ። ቀላል ነው።»

ቀላል ነው ያለችው ለጉራ አይደለም፤ በዚህ ነገር እጇን ታምነዋለች። ንድፉን አስቀምጣ የስክሪኑን ማስተካከያ ከፈተች። ኮምፒውተሩ በአሮጌው ገመድ በኩል አዲሱን ስክሪን አላወቀውም። ለድሮው ጠባብ ስክሪን የሚሆን ምስል ይልክለታል፤ ስክሪኑ ደግሞ ወርዱን ለመሙላት ይለጥጠዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ ትክክለኛው ልክ የለም። ከጠረጴዛው ኋላ ዞራ ከስክሪኑ ጀርባ የተለጠፈውን አነበበች፦ 1920 በ1080። ቁጥሮቹን ራሷ ጻፈቻቸው። ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይታደስ ለሚለው ደግሞ ሰባ አምስት ሞላች።

ስክሪኑ ጨለመ።

«ገደልሽው» አለች እናቷ፣ እጇን ወደ ማጥፊያው እየሰደደች።

«ተረጋጊ፣ አልሞተም። ምንም አትንኪ። እሺ ካላልነው በአሥራ አምስት ሰከንድ ራሱ ይመለሳል።»

እጆቿን አጣጥፋ ጠበቀች። ተመለሰ። በዛበት ማለት ነው። ሰባ አምስቱን ስድሳ አደረገችው። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፣ ፊደሎቹም ቀጠኑ። ተለጥጦ ሳለ እናቷ ያጠበበችው መስኮት ግን አሁን ሽቅብ የቆመ እንቁላል ሆኖ ቁጭ አለ።

እናቷ ማስመሪያዋን አስጠጋች። ቁመቱ ሃያ፣ ወርዱ አሥራ አምስት።

«ይሄን ልሰጠው ነበር?» ድምፅዋ ቀነሰ። «ገመዱ ነው አይደል ያበላሸው?»

ለልጅቷ መውጫው ተከፍቶላታል። ገመዱም ቢሆን ከጥፋቱ ነፃ አይደለም፣ ደግሞ አፍ አውጥቶ አይከራከራት።

«የሆነው ሆኖ» አለች እናቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ እየተቀመጠች፣ «ይሄ ሁሉ ሲለጠጥ አለማየቴ! በቃ፣ ዓይኔ ነው።»

«አይደለም እማ።» ልጅቷ ፊቷ ጋለ። «አንቺማ አይተሽዋል። ጠዋቱን ሙሉ የታገልሽው ስላየሽው ነው። እኔ ነኝ ትናንት ፊደሎቹን አይቼ ላሽ ያልኩት። ለኳስ ቸኩዬ።»

 ከዚያ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ በያጁ ነበር። እናቷ እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ቀድማ አነሳችው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ንድፉ አንድ ሰዓት ይዘገያል። ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ስክሪኑን በደንብ ሳልገጥም ትቼው ሄጄ።»

«እናትሽስ ደህና ናት?» አለ በያጁ። «ሌላም ሥራ ይዤላት እየመጣሁ ነው።»

ልጅቷ ዞር አለች። እናቷ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች ነበር።

«ደህና ናት» አለች። «ይዘውላት ይምጡ።»