ከብስኩት ቆርቆሮው የወጣው ጥሪ

እኔ ስለ ጂንና ስለ ዛር ወሬ ሲጀመር "በሉ ደኅና አምሹ" ብዬ ተነሥቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ይሄን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ሥራዬም አያስችለኝም፤ እዚሁ ደብረ ታቦር የተበላሸ ራዲዮና ቴሌቪዥን፣ ስቶቭ፣ ካውያ እጠግናለሁ፣ "ቴሌቪዥኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶበት ያቃስታል" ብለው በነጠላ ጠቅልለው ያመጡልኝ ሰዎች አሉ፣ ስከፍተው የላላ ብሎን ወይም የሞተ በረሮ ነው የማገኘው። የሚያቃስት ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፣ ብዬ አምን ነበር።

በሰርግ ወቅት ደግሞ ጊታር እጫወታለሁ፣ አራት ሆነን ነው፣ እስከ ሐሙሲትም እስከ ጉና ግርጌም እየተጠራን እንሄዳለን። ለሰርግ ሙዚቀኛ ግን ክረምት ማለት ሁዳዴ ነው፣ እጅ ሥራ ይፈታል፣ ሰው ይነጫነጫል። ካቻምና ሐምሌ ላይ እንዲያ እየተነጫነጭኩ ሳለሁ ነው ፔዳል ልሥራ ብዬ የተነሣሁት። ፔዳል ማለት ጊታር ተጫዋቾች መሬት ላይ አስቀምጠው በእግራቸው የሚረግጧት፣ የጊታሩን ድምፅ አሻክራ የምታስጮህ ትንሽ ሣጥን ናት፤ ባሕር ዳር ድረስ አስፈልጌ አጥቻታለሁ። ሁለት ትራንዚስተርና ጥቂት ሽቦ አይደለች እንዴ፣ አልኩ።

ትራንዚስተሮቹን ባለቤት ካጣ አሮጌ ራዲዮ ነቀልኩ፣ መጠምዘዣውን ከተቃጠለ ስቶቭ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከራስጌ መብራት ወሰድኩ። ሣጥን ስፈልግ ዓይኔ ባለቤቴ ትዕግስት ክርና መርፌ የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ላይ አረፈ።

"ክሬን ታዲያ የት ላድርገው?" አለችኝ።

"የስኳር ዕቃው ውስጥ።"

"ስኳሩንስ?"

"እኔ አለሁለት።"

ስቃ ሰጠችኝ። ትዕግስት አስተማሪ ናት፣ ክረምቱን ቤት ነበረች፣ ያኔ ከተጋባን ገና ስምንት ወራችን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ያቺ ፔዳል ውስጧ ድምፅ የምታስቀምጥበት ምንም ነገር የላትም፣ የገባላትን አሻክራ ወዲያው ማውጣት ብቻ ነው የምታውቀው። እጄ ነው የበየዳት፣ አውቃታለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጨርሼ ሞከርኳት። ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየደበደበው ነበር፣ መብራትም ስለሄደ በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራ የድሮ ቴፕ ስፒከር ጋር አያያዝኳት። ወዳጆቼ፣ ድምፁ ልዩ ነበር፣ ጸጉሬ ነው የቆመው። ትንሽ ተጫውቼ እጄን ሳሳርፍ ግን ከስፒከሩ ውስጥ "ቋ" አለ፣ የበራችን መቀርቀሪያ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ። ዞር ስል በሩ ዝግ ነው። ሁለቴ ተንፍሼ እንኳ ሳልጨርስ "ቋ" አለና ትዕግስት ከማድቤት ገባች። ለራሴ ዝናብ ነው አልኩ፣ ሽቦ ነው አልኩ።

ቆይቶ ደግሞ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ።

"ምን ሰበርሽ?" ብዬ ጮህኩ።

"ኧረ ምንም! ተቀምጫለሁ እኮ!"

ሩብ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው፣ ሻይ ይዛልኝ ስትመጣ ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ እግሬ ሥር ተከሰከሰ። ድምፁ ያው ራሱ ነው፣ መጀመሪያ አንድ ትልቅ፣ ከዚያ የምትንከባለል ትንሽ ስባሪ። ትዕግስት ስብርባሪውን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው።

"አንተና አፍህ! አሟረትክብኝ" አለች። እየሳቀች ነበር፣ እኔ ግን መሳቅ አልመጣልኝም፣ ጊታሩን አስቀምጬ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ አመሸሁ።

በማግስቱ በማለዳ ፔዳሏን በፌስታል ይዤ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ሰይድ ገበያው ዳር ሞባይል የሚጠግን አብሮ አደጌ ነው፣ ከእኔ ይልቅ እጁ የተባ፣ ጸሎቱን የማያስታጉል፣ ነገር የማያጋንን ሰው። ታሪኩን ስነግረው እየሰማ ክዳኗን ከፈተ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየ።

"ሥራህ ንጹሕ ነው። አሮጌ ትራንዚስተር አንዳንዴ የራዲዮ ጣቢያ ይጠልፋል፣ ያን ሰምተህ ይሆናል" አለኝ።

"የእኔን በር መቀርቀሪያ የሚያስተላልፍ ጣቢያ አለ?"

ሳቀ፣ ከሱቁ ስፒከር ጋር አያይዘን አብርተን አስቀመጥናት። ለረዥም ጊዜ "ሽሽሽ" ብቻ ነበር፣ እኔም ማፈር ጀምሬ ነበር፣ ድንገት የሰይድ ስልክ ጥሪ ጮኸ። ሰይድ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ስልኩን አወጣ፣ ስልኩ ጨልሟል። የሚጮኸው ስፒከሩ ነው። አምስት ጊዜ ጮኾ አቆመ። ሰይድ አጠፋት።

ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ሥራ የምንሠራ መስለን ተቀመጥን፣ ዓይናችን ግን ስልኩ ላይ ነው። ለምሳ ልንነሣ ስንል ጮኸ፣ የገጠር እህቱ ናት። ሰይድ አላነሣውም፣ ይቆጥር ነበር። አምስት ጊዜ ጮኾ አቆመ።

"መላኩ፣ ይቺን ነገር ከዚህ አውጣልኝ። አንተም ቤት አታስገባት" አለኝ፣ ድምፁ እንደ ታላቅ ወንድም ድምፅ ነበር።

መጀመሪያ ሁለት ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ሩብ ሰዓት፣ አሁን ደግሞ ግማሽ ቀን። ይታያችኋል? እየራቀ ነው የሚሄደው። በመንገዴ ካለው ወንዝ ብጥላት ኖሮ ይሄን ሁሉ አላወራችሁም ነበር፣ ግን ነካክቶ ያደገ እጅ እንዴት ዝም ይላል፣ ይዣት ቤት ገባሁ።

ገና አልመሸም፣ ዝናቡ አባርቶ የበጎች ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። ትዕግስት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጊታሩን ሳልነካ ፔዳሏን ብቻ አበራሁና ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ደቀንኩ። መጀመሪያ ዝናብ ሰማሁ፣ ውጪ ሳይዘንብ። ከዝናቡ ውስጥ የትዕግስት ድምፅ መጣ፣ ከሌላ ክፍል ሆና እንደምትጠራኝ፣ ረጋ ብሎ።

"መሌ።"

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ ምስሩ ላይ ነው፣ ከንፈሯ አልተነቃነቀም።

"መሌ?" አለ ስፒከሩ፣ አሁን ጠጋ ብሎ፣ መልስ እንዳጣ ሰው። እኔ፣ እመኑኝ፣ የራሴን "አቤት" እየጠበቅኩ ነበር፣ አሁን እመልሳለሁ፣ አሁን እመልሳለሁ እያልኩ። ዝናቡ ብቻ ነው። ከዚያ ሦስተኛው መጣ፣ "መላኩ!" የሚል፣ እሷ በሙሉ ስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ እንደዚያ ያለ ድምፅም ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ሩጫ፣ የመቀርቀሪያው "ቋ"፣ ከዚያ ምንም። እኔ አልመለስኩም። የትም ብሆን፣ ምንም ብሆን፣ አልመለስኩም።

"ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ እኮ" አለችኝ ትዕግስት፣ ሰፌዱን አስቀምጣ።

"ሰማሽ?"

"ምኑን? ሽሽሽ ይላል፣ ጆሮዬን አሳመመኝ።"

የዚያኑ ዕለት ሽቦዋን በጣጥሼ፣ ትራንዚስተሮቹን በመዶሻ አድቅቄ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ለሰይድ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። "ፔዳሏን ሰበርክ እንጂ" አለኝ፣ "የሰማኸውን አልሰበርከውም።"

ለትዕግስት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ብቻ ከዚያ ወዲህ ስትጠራኝ አፏን ሳትዘጋ "አቤት!" እላለሁ። ያ ጥሪ መቼ እንደሚደርስ ስለማላውቅ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ከቤት አልርቅም፤ ጉና ግርጌ ሰርግ ተጠርተን ደመና ሲጠቁር እቃዬን ሰብስቤ በእግሬ ተመልሻለሁ፣ ጓደኞቼ ተቀየሙኝ፣ ያለ እኔ መጫወት ጀመሩ። ትዕግስትም አንድ ቀን "ወታደር ነው ያገባሁት? ስጠራህ ለምን ትደነግጣለህ?" አለችኝ፣ "እወድሻለሁ" ብዬ አለፍኩት፣ እውነቴንም ነው፣ ግን ውሸትም ነው።

ባለፈው ሳምንት ነው። የሥራ ክፍሌ ከመኖሪያችን ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ካውያ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፣ ዝናቡ ሊጥል አቆብቁቧል። "መሌ" አለችኝ። "አቤት!" ብዬ መፍቻውን ወርውሬ ሮጥኩ። ትዕግስት አልጋዋ ላይ በክንዷ ዓይኗን ሸፍና ተኝታለች። ቀሰቀስኳት።

"ጠራሽኝ?"

"እኔ?" አለች በእንቅልፍ ድምፅ። "ኧረ አልጠራሁህም። ማን ቢጠራህ ነው አቤት ያልከው?"

የገጠር ዘመዶቻችን ጠሪው ጂን ይሆናልና ሳታየው አቤት አትበል ይላሉ፣ ስሰማው ስስቅበት የኖርኩት ነገር ነው። ትናንት እየዘነበ ትዕግስት ከማድቤት ጠራችኝ፣ እውነተኛዋ፣ ጨው እንዳቀብላት። አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን ቃሉ አልወጣም፤ እሷ መሆኗን ላረጋግጥ ብዬ ቆምኩ።

"መሌ?" አለችኝ ደግማ፣ ጠጋ ብላ፣ ልክ ከስፒከሩ እንደሰማሁት።

ያኔ ነው አቤት ያልኩት።