ወደ እማዬ ቤት ለሚመጣ እንግዳ

በመሥሪያ ቤቷ «እመት ጥንቃቄ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ አይደለም እንጂ እሷም ታውቃለች። የአስጎብኚው ድርጅት ቢሮ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ሲሆን የእሷ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነው። ሥራዋ አገሩን አይተውት የማያውቁ የውጭ እንግዶችን፣ ገና ቤታቸው ሳሉ፣ በስልክ ማዘጋጀት ነው። ምን ዓይነት ጫማ እንደሚበጅ፣ የትኛውን ክትባት መወጋት እንዳለባቸው፣ የስልክ ባትሪ በምን መሰኪያ እንደሚሞላ፣ አመሻሹ ላይ ምን መደረብ እንደሚሻል አንድ በአንድ ትነግራቸዋለች። ሻንጣችሁን ሞልታችሁ ስትጨርሱ ተሸክማችሁት የራሳችሁን ደረጃ ውጡ፤ ካቃታችሁ ቀንሱ ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ ግን ይወጣሉ።

ችግሯ አንድ ነበር። ማስጠንቀቅ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። የቧንቧ ውኃ እንዳትጠጡ፣ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉት፣ ፀሐዩን አትመኑት፣ ደመናውንም አትመኑት፣ አረንጓዴ መብራት በራ ብላችሁ መንገድ ስትሻገሩ እንዳትዘናጉ። ይህን ሁሉ የምትለው ደግሞ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ ነው። ሰውዬው ስልኩን ሲዘጋ ግን ሻንጣውን ፈትቶ ቤቱ መቅረት ያምረዋል።

እንግዶቹን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላቸው ሾፌር «ቀስ በቀስ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሌሎቹ ሾፌሮች ናቸው፤ ከኋላው የሚነዱት ሁሉ ስለሚናደዱ። ረዘም ያለ፣ ነገር የማያበዛ፣ ከአፉ በፊት ዓይኑ የሚስቅ ልጅ ነው። ብዙ ወር በስልክ ብቻ ነበር የሚተዋወቁት። እንግዶቹን ሆቴል ባስገባ ቁጥር ይደውልና «ደርሰዋል» ይላታል። እሷም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ትለዋለች። በቃ፣ ወሬያቸው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ግን ደረጃውን ወጥቶ መጣ። በዚያን ቀን ያመጣት እንግዳ ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ነበረች። የሻንጣዋ ግማሽ የታሸገ ውኃ፣ ግማሹ የቆርቆሮ ምግብ ነው። ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ሆቴል እስክትደርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ በመስኮት ወደ ውጭ አላየችም። ልጁ ይህን ሁሉ ረጋ ብሎ ተረከላትና፣

«እህቴ፣ አንቺ ካዘጋጀሻቸው በኋላ የሚያዩት አገሩን አይደለም፤ የአንቺን ማስጠንቀቂያ ነው» አላት።

እሷ እቴ! በዋዛ የምትሸነፍ መሰለው። በነጠላ ጫማ ተራራ ወጥቶ እግሩን የሰበረውን ሰውዬ አነሳችበት። ቆሞ ሰማትና «እሱን ተሸክሜ ያወረድኩት እኔ ነኝ። እስከ ሐኪም ቤት ድረስ ሲስቅ ነበር» አላት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ልቧ ድንግጥ አለ። ሌላው ቀርቶ ብዕሯን የት እንዳስቀመጠች ጠፋት፤ ብዕሩ እጇ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አያጣም። አንዴ የመኪናው ቁልፍ፣ አንዴ የእንግዳ ስም፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምንም ሰበብ እየመጣ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ይቀመጣል። እሷ ስልክ ስታወራ ማስጠንቀቂያዎቿን በከንፈሩ እየተከተለ ያነበንባል፤ እሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሏቸው ደረጃው ሥር ቆመው ሳለ፣

«ለዓለም ሕዝብ ትጠነቀቂያለሽ። ለአንቺስ ማን ይጠንቀቅልሽ?» አላት።

«ፈላጊ አላየሁም» አለችው፣ ጫማዋን እያየች።

«እንግዲያው ቀና በይና እዪኝ።»

ቀና አለች። ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱም አላስተዋሉም።

እንግዲህ ፍቅር እንዲህ ገባ። የቀረው እማዬ ናት፤ እማዬ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለችም። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከረጅም መንገድ ሲመለስ ከሰፈሩ ማዕዘን ላይ ክላክስ ያደርጋል፤ እናትየው ያን ስትሰማ ውኃ ጥዳ በሩን ትከፍታለች። አንድ ጊዜ ክላክሱ ሳይሰማ ቀረ፤ በምትኩ የሥራ ባልደረቦቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሊያረዷት መጡ። ልጅቷ ያኔ ገና ነፍስ አላወቀችም። ከዚያ ጀምሮ እናትየው መኪና ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አታውቅም፤ ሰፈር ውስጥ ክላክስ ከተሰማ ተነሥታ መስኮት ትዘጋለች። ልጇ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስም ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሾፌር እንዳታመጪብኝ። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ።»

ልጅቷ ከእናቷ ሌላ ማንም የላትም። እናቷን አስከፍታ ትዳር መያዝ አይሆንላትም፤ እሱን መተውም አልሆነላትም። ታዲያ ምን አደረገች? የምታውቀውን አደረገች። የገዛ ፍቅረኛዋን ወደማያውቀው አገር እንደሚሄድ እንግዳ ቁጭ አድርጋ ማዘጋጀት ጀመረች። መኪናህን ከሰፈሩ ውጭ አቁመህ በእግርህ ና፤ ክላክስ የሚባል ነገር እንዳይሰማ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የአባዬ ነው፣ እንዳትቀመጥበት። እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ልበስ። ስለ መንገድ እንዳታወራ። ሥራህን ከጠየቀችህ «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ» በል።

«ሥራዬን ልካድ?» አላት።

«ለጊዜው ነው። እስክትለምድህ።»

ዝም አለ። እሷ እሺ ያለ መሰላት። የሰውን ዝምታ ሁሉ እሺታ አድርጎ መውሰድ ያን ጊዜ የነበራት አመል ነው።

የተባለው ቀን ደረሰና መጣ። አቤት አቀማመጡ! የወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ፎቶ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ተማሪ። እናትየው ውኃ ብታቀርብለት ብርጭቆውን ይዞ ቀረ። እንዴት ነህ ስትለው ደኅና፣ ቤተሰብ እንዴት ነው ስትለው ደኅና፣ ሥራህስ ስትለው «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ»፣ አየሩ እንዴት ነው ብትለው እንኳ ልጅቷን አየት አድርጎ ነው ደኅና ያለው። ያ እንግዳን ሁሉ የሚያስቅ ልጅ የት እንደገባ እንጃ። እናትየው ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ልጇን ጠቅሳ «አመመው እንዴ? ምላሱን የት ጥሎት ነው የመጣው?» አለቻት። ልጅቷ ያቺ አሮጊት ቦርሳዋን ታቅፋ የተቀመጠችው ትዝ አላት።

ምግብ ሲቀርብ እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ቧንቧው ጋ እጅጌውን ሰበሰበ። እናትየው ፎጣ ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። ክንዱን አየች። በመስኮት በኩል የሚውለው ክንዱ ፀሐይ አቃጥሎት ጠቁሯል፤ ሌላኛው ቀላ ያለ ነው። ፎጣውን ሳትሰጠው ቆየች።

«የምትነዳው ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ልጅቷን ተመለከታት፤ ከዚያ አቀረቀረ። «እንግዶች ነው የማመላልሰው፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የባሌም ክንድ እንዲህ ነበር» አለች እናትየው፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ ይህን ክንድ የማላውቅ መሰላችሁ? ሾፌር መሆንህ አንድ ነገር ነው። ደጄን የረገጥከው ግን ውሸት ይዘህ ነው።» ፎጣውን እጁ ላይ አኖረችለትና ወደ ጓዳ ገባች። ማዕዱን የነካው ሰው የለም።

ልጅቷ በሩ ድረስ ሸኘችው። እሱ የሚያወራው ከጫማው ጋር ይመስል ነበር።

«እናትሽን ፈርተሽ መስሎኝ ነበር። ለካ በእኔ አፍረሽ ነው።»

መኪናው ሩቅ ነበር የቆመው፣ እሷው ባዘዘችው ቦታ። እዚያ እስኪደርስ ድረስ ጀርባውን እያየች በሩ ላይ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ደረጃውን አልወጣም። በስልክ «ደርሰዋል» ይላል፤ «እሺ» ትላለች፤ ይዘጋል። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ማንም ሲቀመጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ሳቋም ጠፋ። እናትና ልጅ አንድ ቤት እየኖሩ ስለ ጨውና ስለ ሳሙና ብቻ የሚነጋገሩ ሆኑ።

እንዲህ ሳሉ ያቺ አሮጊት በዓመቱ ተመልሳ መጣች። ቢሮ ድረስ ወጣች፤ የያዘችው በትከሻዋ የምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜ፣ ሆቴል ባደረች ማግስት፣ ያ ሾፌር ወደ ሐይቁ ሲወስዳት መንገድ ዳር አቁሞ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጧት፣ ወደ ውጭ እስክታይ ድረስ አንድም ቃል ሳይናገር እንደጠበቃት ነገረቻት። ስታለቅስ እንኳ ዝም ብሎ ነው የጠበቃት። ቀጥላም ከቁልቁለቱ ኩርባ ላይ ሐይቁ ድንገት ብቅ ሲል አንቺስ ምን ተሰማሽ ብላ ጠየቀቻት።

«አላየሁትም» አለች ልጅቷ። «በዚያ መንገድ ሄጄ አላውቅም።»

አሮጊቷ ግራ ገባት። «ታዲያ በስልክ ያስፈራራሽኝን ሁሉ ለአንቺ ማን ነገረሽ?»

የዚያን ዕለት ልጅቷ ቤቷ እስክትገባ ድረስ ይቺ ጥያቄ አልለቀቀቻትም። እናቷ ምድጃው ጋ ቆማለች። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣

«እማዬ፣ ውሸቱ የእኔ ነው። ሥራውን እንዲደብቅ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለቻት። «እወደዋለሁ። መንገድ በወጣ ቁጥር እንደ አንቺው እፈራለሁ። ግን እሱን አጥቼ ያለ ፍርሃት ከምኖር፣ እየፈራሁም ቢሆን ከእሱ ጋር ብኖር ይሻለኛል።»

እናትየው ምድጃውን አጠፋች።

«እኔም አባትሽን ያገባሁት እየፈራሁ ነው። አንድም ቀን አልቆጨኝም። ይህን ለአንቺ ሳልነግርሽ ቀረሁ።» ከዚያ ዓይኗን በመዳፏ ጠራረገች። «ይምጣ። መኪናውን ይዞ ይምጣ። ምንም ነገር እንዳትነግሪው።»

ደወለችለት። እማዬ ጠርታሃለች ስትለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። አሁን ግን ዝምታውን እሺ ነው ብላ አልወሰደችውም። «በአንተ አላፈርኩም። እንዳላጣህ ፈርቼ ነው፤ ፈርቼም አጣሁህ» አለችው።

«ምን ልዘጋጅ?» አላት በመጨረሻ።

«ምንም። እንደ አንተው ሆነህ ና።»

መጣ። መኪናውን አጥቦ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ በሩ ድረስ ነድቶ መጣ። እናትየው የመውጫ ጫማዋን አድርጋ ደጅ ቆማ ነበር። ሰላምታውን ተቀብላ ወደ ቤት ግባ አላለችውም፤ ዞራ የፊቱን በር ከፈተችና ገብታ ተቀመጠች። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ከኋላ ገባች። እናቷ የወንበሩን ቀበቶ ለማሰር ደጋግማ ሞከረች። ልጁም አላገዛትም፣ አላዋከባትም። እስክታስር ጠበቃትና ሞተሩን ሳያስነሣ ዓይን ዓይኗን አየ።

«ንዳ እስቲ» አለችው።

ሰፈሩን ዞሩት። አንድ ብስክሌት አለፋቸው። ቀጥሎም ዘንቢል የያዙ ሴትዮ በእግራቸው ሊያልፏቸው ምንም አልቀራቸው።

«ልጄ፣ ፍጥነትህ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እማማ።»

«በእግሬ ብሄድ ይሄኔ ቤቴ ገብቼ ነበር» አለችና ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ልጅቷ ከኋላ ሆና የትከሻዋን መንቀጥቀጥ አየች። ልጁ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ነዳ። ከሰፈሩ ማዕዘን ሲደርሱ እናትየው እጇን አነሣችና አስቆመችው።

«እዚህ ጋ ሲደርስ ክላክስ ያደርግ ነበር» አለች። «ከእንግዲህ አንተም ከመንገድ በተመለስክ ቁጥር ታደርጋለህ። ካላደረግህ በር አልከፍትልህም።»

ልጁ በመስታወቱ ልጅቷን አያት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ቀስ ብሎ ክላክሱን ተጫነው፤ በዚያን ቀን መስኮት የሚዘጋ ሰው በቤታቸው አልነበረም።

ከተጋቡ ወዲህም መንገድ ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ይፈራሉ። አንፈራም ብለው አይዋሹም፣ ይፈራሉ። አመሻሹ ላይ አንዷ የታጠበ ሸሚዝ ስታጥፍ፣ ሌላዋ የታጠፈውን ደግማ ስታጥፍ፣ ጆሯቸው ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው። ክላክሱ ሲሰማ እናትየው ቀድማ ትነሣና ውኃ ትጥዳለች።

«ደርሷል» ትላታለች ለልጇ፤ እሷም በሩን ልትከፍት ትሮጣለች።