በእኛ እና በእነሱ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የግብርና ኮሌጅ መምህሩ እንግዳው ግን በስሙ ሲቀልዱበት ደስ አይለውም። መንበረ ይህን ስለምታውቅ ጭራሽ አትተወውም ነበር።

«እንግዳው ብለው ሰይመውህ መቼ ትቀመጣለህ? ይኸው ደግሞ ቡልጋሪያ ልትሄድ ነው» አለችው።

ሰኔ 1974 ዓ.ም. ነበር። ኮሌጁ ከአንድ የቡልጋሪያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በመንበረ መንደር በኮኪት የሰሊጥ መሞከሪያ ማሳ ከፍቷል። ማሳውን የምትከታተለው፣ ዝናቡን በየቀኑ እየለካች በደብተር የምትጽፈው መንበረ ናት። ፈረንጆቹም ደብተሩን ስለሚያዩት ቀኑን ሁለት ጊዜ እንድትጽፍ እንግዳው አስተምሯታል፤ አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በእነሱ። ፍቅራቸውም ከዚያው ደብተር ላይ ነው የጀመረው፤ በጣት እየቆጠሩ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተሳሳቁ።

«እዚያም ሄጄ የምቆጥረው በእኛ ነው» አላት። «ሦስት ወር ምን አላት? ሰሊጡ ሳይታጨድ እመጣለሁ።»

«እስቲ ማል!»

«አንቺን ይንሣኝ!»

የሚወስደው መኪና ጥሩንባውን ነፋ።

አባቷ አቶ ዘሩ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። እንግዳው ሽማግሌ ቢልክባቸው «ለመንገደኛ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው መልሰው፣ ደጃቸውን ዳግም ላይረግጥ አስምለውታል። እሱ ደግሞ ከማለ ማለ ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ደብዳቤው መጣ። መንበረ ማሽላው ውስጥ ገብታ ብቻዋን አነበበችው።

«መንበርዬ፣ ዩኒቨርሲቲው አራት ዓመት እንድማር ፈቅዶልኛል። ያለ አንቺ ግን አልችልም። ጥቅምት 12 ሸሕዲ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ፤ ጎንደር ሄደን እንጋባለን። ከቀረሽ የአባትሽን ቃል መርጠሻል ብዬ በዚያው ዕለት እመለሳለሁ፤ አልፈርድብሽም።»

ጥቅምት 12 ጎሕ ሲቀድ ልብሷን በሻሽ ቋጥራ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። ሸሕዲ ቀኑን ሙሉ ጠበቀች። በወታደር የታጀቡት መኪኖች ከጎንደር ደረሱ፤ የአጨዳ ሠራተኛው ማጭዱን እንደያዘ ወረደ። እንግዳው የለም።

መናኸሪያው ዳር ምግብ የሚሸጡት እማማ ካሰች አዘኑላት።

«ማንን ትጠብቂያለሽ ልጄ?»

«አንድ አስተማሪ ነው እማማ። ረጅም፣ መነጽር የሚያደርግ።»

«ውይ በሞትሁት! እሱማ መጥቶ ሄደ። ዛሬ አሥር ቀኑ። ከኮኪት መኪና በመጣ ቁጥር ይነሣል፣ ደግሞ ይቀመጣል። እህል ባቀርብለትም እንቢኝ አለ። ኋላ መኪኖቹ ሲነሡ ‹መልሷ ይኸው ነው› ብሎ ተሳፈረ።»

አሥር ቀን! መንበረ ለእሱ ልትሰጠው የያዘችውን ደብተር ከቋጠሮዋ አውጥታ ገለጠችው። «በእኛ ጥቅምት 2፣ በእነሱ ኦክቶበር 12። ዝናብ የለም። ሰሊጡ ሊደርስ ነው።» የገዛ እጇ ጽሕፈት ነው።

ሦስት ወር በእነሱ ሲቆጥር ከርሞ ኦክቶበርን ጥቅምት ብሎት፣ ቁጥሩን ሳይለውጥ ትቶት ኖሯል። እሱ ሸሕዲ ፀሐይ ላይ ሲጠብቃት፣ እሷ ኮኪት ተቀምጣ የመጣበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ትጽፍ ነበር።

እዚያው ወረቀት ለምና ጻፈችለት። ግን ደብዳቤ ባሕር እስኪሻገር ዕድሜ ይፈጃል፤ ቤት ስትመለስ የጠበቃት የአቶ ዘሩ ቁጣ ግን አንድ ቀንም አልፈጀ። ጥር ላይ ተዳረች። አለቀሰች፣ አሻፈረኝ አለች፤ ማን ሰምቷት!

መልሱ የደረሳት በሚያዝያ፣ በባሏ ቤት ሆና ነው። አናቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በእኛ መጋቢት 21 ቀን 1975፣ በእነሱ ማርች 30 ቀን 1983።»

ከሥሩ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው።

«መንበርዬ፣ በእኛ እቆጥራለሁ ብዬ ምዬልሽ ነበር። አንቺን ነሣኝ።»

እንባዋን ጠርጋ ቀኑን በጣቷ ቆጠረችው። አሁን ልክ ነበር።