የፎቅ አረንጓዴ ኮፍያ

«ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ በይ። የእግርሽ ጣቶች ጠርዙን ይያዙ» አሉ ልጆቹ «ኮች» የሚሏቸው አሰልጣኟ በጎርናና ድምፃቸው።

ፎቅ ጠጋ አለች። ረጃጅም የእግሯ ጣቶች የገንዳውን ጠርዝ ቆንጠጥ ሲያደርጉ ከኋላዋ የተሰለፈችው ጓደኛዋ ሽቦ አየች።

የደረቅ ልምምድ ነበር። ውሃው ላይ ጠዋት መድኃኒት ስለተጨመረ እስከ ከሰዓት ማንም እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረጉት ልጆች በጥልቁ በኩል ይሰለፋሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ወደ ጠርዙ ወጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ዘለልኩ» ይሉና ወደ ኋላ ይመለሳሉ። እውነተኛው ዝላይ ከሰዓት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊዎች፣ ወላጆችና የየትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህራን በተሰበሰቡበት ልጆቹ ሲማሩበት የቆየው አዲሱ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ይመረቃል፤ አረንጓዴዎቹም ተራ በተራ ወደ ጥልቁ ይዘላሉ።

«ዘለልኩ» አለች ፎቅ እጇን ዘርግታ። ከሁሉም በላይ ያማረባት እሷ ነበረች።

ችግሩ አንድ ነው፤ ፎቅ መዋኘት አትችልም።

ገንዳው የተሠራው ከከተማው ዳር ባሉት የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዶች ምክንያት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጉድጓዶቹ ውሃ ይሞላሉ፤ ልጆች ሊዋኙ ይገቡባቸዋል፤ የገባ ሁሉ ግን አይወጣም። ማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሲያጥር፣ ልጆቹም አጥሩን ሲቀድዱት ብዙ ዘመን ከተገፋ በኋላ፣ እንግዲያው እናስተምራቸው ተባለና በየትምህርት ቤቱ ነፃ የዋና ትምህርት ተጀመረ። ጀማሪ ቀይ ኮፍያ አድርጎ፣ ጥልቀት በሌለው በኩል ብረት ይዞ ይንፈራገጣል። ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር የዋኘ ደግሞ አረንጓዴ ያገኛል።

በቀዮቹ ሰዓት የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ጥርሳቸውን ያልቀየሩ ሕፃናት ናቸው። ፎቅ ደግሞ ለመምህሮቿ ሁሉ የሚተርፍ ቁመት አላት፤ ቅጽል ስሟም የወጣላት ከዚያ ነው። አንድ ቀን ከነሱ ጋር ገብታ ነበር። ውሃው ጉልበቷን አለፍ ብሎ ቀረ። አንዱ ሕፃን አንጋጦ አያትና፣ «አስተማሪያችን አንቺ ነሽ?» አላት። ሁለተኛ አልተመለሰችም።

መላውን የዘየደችው ሽቦ ናት። ቅጥነቷና አንድ ቦታ አለመቀመጧ ነው ሽቦ ያሰኛት፤ ሐሳቧም እንደዚያው ነው፣ አያርፍም። ኮፍያና የዋና መነጽር ያደረገ ሰው ውሃ ውስጥ ከሆነ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። በፈተናው ቀን ፈታኙ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ ሰው ነበር። ሽቦ መጀመሪያ ለራሷ ዋኘች። ከዚያ የፎቅ ተራ ሲደርስ ውሃው ውስጥ ተመልሳ ገብታ ለፎቅ ዋኘች። ፎቅ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ተደብቃ ቆየችና፣ መታጠቢያው ስር ገብታ ረጥባ፣ እያለከለከች ወጥታ አረንጓዴ ኮፍያዋን ተቀበለች። ያን ቀን ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል። ኮፍያውን ለአባቷ ታሳየዋለች፤ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች፤ አለቀ ደቀቀ። ምርቃት መጥቶ አረንጓዴ ሁሉ ይዘላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ልምምዱ አልቆ ለምሳ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ሽቦ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ እየተሻገረች፣ ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ በእግሯ እየመታች ነበር።

«አሞኛል በያቸው» አለች። «ሆዴን በይ። ሆድን ማን ገብቶ ያየዋል?»

«አባዬ ከሥራ አስፈቅዶ ነው የሚመጣው። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ነግሯል። ትናንት ጫማውን ሲወለውል ብታዪው፣ የምትዳር ልጅ ያለችው ነው የሚመስለው።»

«ውሃው እኮ ከአንቺም በላይ ነው፤ ፎቅ።»

«አውቃለሁ። ጠርዙን ተጠግቼ እዘላለሁ፤ ብቅ ስል ብረቱን ቀብ ማድረግ ነው።» ፎቅ ክንዷን በሽቦ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «ደግሞስ አንቺ ከኋላዬ አይደለሽ እንዴ? ኮችን የሚያህሉ ሴትዮ ጎትተሽ ያወጣሽ ልጅ፣ እኔ አቅትሻለሁ?»

ሽቦ ጠጠሩን መምታት ተወች። ያቺ ወሬ ውላ አድራ በዚህ በኩል ትመጣብኛለች ብላ አልጠበቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአረንጓዴዎቹ ጥቂቶቹ ለሕይወት አድን ረዳትነት ተመርጠው ለብቻቸው ይሠለጥናሉ፤ ሽቦም አንዷ ናት። በዓመቱ ውስጥ እንደዚህ ያስደሰታት ነገር የለም። ባለፈው ሰሞን አሰልጣኟ ጥልቁ ውስጥ ገብተው የሚሰምጥ ሰው መስለው ተንደፋደፉ። ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ሽቦ ቀርባ ክንዳቸውን ስትይዝ አንገቷን አነቁና ወደ ታች ደፈቋት። ውሃ በአፍንጫዋ ገባ፤ ዓይኗ ጨለመ። ተፈናጥራ አመለጠችና ጠርዙ ላይ ተንጠልጥላ ስታስል አሰልጣኟ እየሳቁ መጡ። «ደግ አደረግሽ፤ የሚሰምጥ ሰው እናቱን አያውቅም፤ አናትሽ ላይ ነው የሚወጣው። የመንሳፈፊያውን ቀለበት ወርውሪለት፤ ሰው ጥሪ። ከያዘሽ ደግሞ ልቀቂና ሽሺ» አሏት።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ፎቅ እንዴት ነበር ስትላት ግን ሽቦ፣ «እንደ ጆንያ ጎትቼ አወጣኋቸው» አለች። አጎታተቷን በእጇ ጭምር እያሳየች፣ የሌላውም ክፍል ልጆች እስኪሰበሰቡ አሳምራ ተረከችው። ያኔ ጥሩ ወሬ ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ የስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ነበር። ሽቦ ምሳዋን ሁለቴ ጎርሳ ተወችው። ተነሳች፤ ተቀመጠች፤ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ሳፋ ሙሉ ውሃ ቀድታ፣ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ነከረች። ፎቅን አሰበች። ጠርዙ ላይ ያለውን ብረት ስትስተውና እጇ ባዶ ውሃ ሲጨብጥ አየች።

«በሳፋ ነው ደግሞ የምትለማመጂው?» አሉ እናቷ በሩ ላይ ቆመው። «ምን ያቁነጠንጥሻል? ገና ሰዓት አለ እኮ።»

«እማዬ፤ ሰው አንቺን አምኖ አንድ ነገር ሊያደርግ ቢል፣ አንቺ ደግሞ እንደማትችይው ብታውቂ ምን ትያለሽ?»

እናቷ በከንፈራቸው የያዙትን ስፒል አወጡ። «የማልችለው ልብስ ሲመጣ ገና ከበሩ አልችልም እላለሁ። ጨርቁን ከቀደድኩት በኋላ ምን ልላቸው ነው?» ካሉ በኋላ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም» አለች ሽቦ። ፎጣዋን አንስታ ወጣች። መንገዱን ግማሹን ሮጠችው።

ገንዳው አካባቢ ወንበር ይደረደራል፤ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ይላል። ፎቅን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሹሩባዋን ኮፍያው ስር እየከተተች አገኘቻት።

«ኮችን አላወጣኋቸውም» አለች ሽቦ፤ ከበሩ ሳትገባ።

«ምን?»

«ዋሽቼሽ ነው። አንገቴን ያዙኝ፣ ፈራሁ፣ ለቅቄያቸው ሸሸሁ። አንቺም ብትይዢኝ እለቅሻለሁ፤ ፎቅ። አንድ ራስ ትበልጪኛለሽ። እንድለቅ ነው ያስተማሩኝ።»

ፎቅ እጇ ሹሩባዋ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቷ ላይ የመጣው ንዴት ሳይሆን ፍርሃት ነበር፤ ወዲያው ግን ንዴቱ ተከተለው።

«እስከዛሬ የት ነበርሽ? አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«አሁን ነው።»

«በቃ፣ ብቻዬን ብረቱን እይዛለሁ። ያንቺን እርዳታ ማን ፈለገው?»

«ለኮች ልነግራቸው ነው።»

«ብትነግሪያቸው አላውቅሽም። የምሬን ነው። አባቴ እዚያ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እያየ…» ፎቅ አረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃታት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሽቦ ወጣች። አሰልጣኟ ወንበር ከሚደረድሩት ሰዎች ጋር እየተከራከሩ ነበር። ተጠጋቻቸውና ውሃ ልትጠጣ እንደመጣች ሰው ወደ ቧንቧው ታጠፈች። ጠጣች። የሚቀጥለውን ዓመት ያለ ፎቅ አሰበችው፤ በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎች። አፏን ጠርጋ ተመለሰች።

«ኮች፣ የፎቅን ፈተና የዋኘሁት እኔ ነኝ። እሷ አትችልም። ጥልቁ ጋ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም።»

አሰልጣኟ ለኃላፊዎቹ በተለየው ለስላሳ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ወደ ጥልቁ ጠርዝ አዩ።

«ዛሬ ጠዋት ጠርዙ ላይ ጠጋ በይ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ወትሮ የሚጮኹበት ድምፅ አልነበረም። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ኮፍያሽን አምጪ። ከረዳቶቹም ወጥተሻል። የቀረውን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሆነን ሌላ ቀን እናወራለን። አሁን ሄደሽ ከቀዮቹ ጋር ተቀመጪ፤ እሷን እኔ አመጣታለሁ።»

ሽቦ ኮፍያዋን ሰጠች። እንባዋ መጣ፤ መለሰችው።

ሙዚቃው ሲጀመር ሁለቱም ቀይ ኮፍያ አድርገው፣ ጥልቀት በሌለው በኩል ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፎቅ ሆን ብላ አንድ ሕፃን መሃላቸው አስቀምጣለች። ከወላጆቹ መሃል የፎቅ አባት ብድግ ብለው የአረንጓዴዎቹን ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ሲፈልጉ ሽቦ አየች። ሁለት ጊዜ ፈለጉ። በኋላ ሕፃናቱ ጋ አገኟት፤ ከነሱ መሃል ለመታጣት የምትመች አይደለችም። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፎቅ አንገቷን ደፋች፤ ሽቦም ከራሷ ኮፍያ ይልቅ ይሄ አንጀቷን በላት።

አረንጓዴዎቹ መዝለል ጀመሩ። አንዱ ግዙፍ ልጅ ከጠርዙ ተስፈንጥሮ ገባና ሳይወጣ ቆየ። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ብቅ ያለው ገንዳው መሃል ነበር፤ እያሳለ፣ ከብረቱ በጣም ርቆ። ዋኝቶ ወጣና ተጨበጨበለት። ሽቦ ዞር ስትል ፎቅ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ልጁ ብቅ ያለበትን ቦታ ገና እያየች ነበር።

«ቀዮች፣ ግቡ» አሉ አሰልጣኟ።

ሕፃናቱ ተንጫጭተው ገቡ። ጠርዙ ላይ ሁለቱ ቀሩ። ሽቦ ወረደች፤ ውሃው ጭኗ ላይ ደረሰ። ከአረንጓዴዎቹ ሰልፍ አንዱ፣ «ሽቦ፣ ዛግሽ እንዴ?» አለና ሌሎቹ ሳቁ። ብረቱን ይዛ ቆመች።

«አላናግርሽም» አለች ፎቅ ከላይ።

«እሺ።»

«ዛሬም፣ ነገም።»

«እሺ።»

አንዱ ሕፃን ውሃ ረጨባቸው። ፎቅ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ መልሳ አወጣች፤ ደግማ ነከረች።

«ዙሪ ወደዚያ» አለች። «ስገባ እንዳታዪኝ።»

ሽቦ ብረቱን እንደያዘች ዞረች፤ ፎቅ «በቃ» እስክትላት ላትመለስ።