ድምፅ የማይመለስበት ክፍል

ይህን የሚያነብ ሁሉ «ፈጠራ ነው» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ይበለኝ። በሩ የተዘጋው እኔ ላይ ነው፤ የሰማሁትም በገዛ ጆሮዬ ነው።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ተማሪዎች ከምሳ እየተመለሱ ይሳሳቃሉ።

ያኔ የሜካኒካል ምህንድስና የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። የትምህርት ክፍላችን አምስት የምርምር ዘርፎች አሉት። ሙቀትና ኃይል የሚያጠኑት ምድር ቤት ከቦይለራቸው ጋር ሲያልባቸው ይውላል። የነፋስና ፈሳሽ ሰዎች ፀጉራቸው ተበጥሮ አያውቅም። የቁሳቁስ አጥኚዎቹ ብረት ሲሰበር ያጨበጭባሉ። የማምረቻዎቹ እጅ ደግሞ ሁሌም በማሽን ግራሶ የተለወሰ ነው።

የእኛ ዘርፍ ንዝረትና ድምፅ ይባላል። ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው። ተማሪዎቹም ሁለት ብቻ ነበርን... እኔና መንትዬ።

መንትዬ ወንድሜ አይደለም። በአንድ ቀን ተመዝግበን፣ በአንድ ጠረጴዛ አምስት ዓመት ስለተቀመጥን ሰዉ «መንታዎቹ» አለን። እኛም «መንትዬ» ስንባባል ስማችንን ረሳነው። ሆዴን ሳልደብቅ የምነግረው ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ምርምሬ የማሽን ዘንግ ስለሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ስለ ኩሽኔታ ነበር። አንድ ኩሽኔታ ሊሰበር ሲል ሰው የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ያንን ድምፅ ለይቼ ለማውጣት አምስት ዓመት ፈጀብኝ።

የዚያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ውጤቱን ለኮሚቴ አቀርባለሁ። ለዘርፋችን የተፈቀደው የተመራማሪ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከሁለታችን አንዳችን እንደምንቀር ሁለታችንም እናውቃለን። ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

ሰባት ሰዓት ላይ መንትዬ መጣ።

«ትናንት የቀዳሽው ላይ ሌላ ድምፅ ገብቶበታል» አለኝ።

«ምን ዓይነት?»

«ትንፋሽ ይመስላል... የሰው።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«አንዲት ልኬት ብቻ ድገሚ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የምታቀርቢውን ጽሑፍ እኔ ጋ ተይው፣ ፊደሉን አስተካክልልሻለሁ።»

ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ ሰጠሁት። በእጄ።

ልኬቱ የሚሠራው ጸጥተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው በሾጣጣ ስፖንጅ ተሸፍኗል። ወለሉ የተወጠረ የሽቦ መረብ ነው፤ ከሥሩም ስፖንጅ አለ። እዚያ ውስጥ ድምፅ ወጥቶ አይመለስም። ጥቂት ስትቆዩ የደማችሁን ሩጫ ትሰማላችሁ። ድምፅ ስለማይመለስም ከየት እንደመጣ ጆሮ አይሳሳትም።

ደንቡ አንድ ነው፤ ማንም ብቻውን አይገባም። አንዱ ሲገባ ሌላው ውጭ ጠረጴዛው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ይጠብቀዋል።

በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም። ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። እጀታው እየተንቀጠቀጠ ልኬቴን ያበላሽብኝ ነበር። የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሼ፣ «ልጄ፣ ለልኬት ብለሽ መውጫሽን አትንቀይ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን «ጠባቂ አለኝ» አልኳቸው።

ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። በሩ ተዘጋ።

«ትሰሚኛለሽ?» አለ መንትዬ። ድምፁ ከበሩ በላይ ካለው ድምፅ ማጉያ መጣ።

«እሰማለሁ።»

«ትንፋሽሽን ያዢ።»

ያዝኩ።



«መንትዬ?»



አምስት ደቂቃ... ሃያ... ሃምሳ... ጸጥታው የእጅ ሰዓቴን ትክትክታ መዶሻ አደረገው።

«መንትዬ፣ ቀልዱ ይብቃ። ሰዓቴ እየደረሰ ነው።»

«እዚሁ ነኝ» አለኝ። በሹክሹክታ።

እፎይ አልኩ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ቀፈፈኝ። መንትዬ ማንሾካሾክ አይችልም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንኳ የሚጮህ ሰው ነው።

«በሩን ክፈትልኝ።»

«አልችልም።»

ከዚያ ስሜን ጠራ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠርቶት የማያውቀውን ስሜን።

ፀጉሬ ቆመ። ምክንያቱም ድምፁ የመጣው ከበሩ በላይ አልነበረም...

ከኋላዬ ነበር። ከጥጉ።

ዞርኩ። ስፖንጅ ብቻ ነው።

«ይቅር በይኝ» አለ ጥጉ፣ በመንትዬ ድምፅ።

«ለ... ለምኑ?»

«አሁን አዳራሹ ውስጥ ኮሚቴው ፊት ቆሜያለሁ። ስምሽን ከመጀመሪያው ገጽ አጥፍቼዋለሁ።»

 መረቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኮሚቴው የት ናት ብሎ ጠየቀኝ። ተስፋ ቆርጣ ትታዋለች አልኳቸው።»

«ውሸትህን ነው።»

«አመኑኝ... ይቅር በይኝ... አሁን እያጨበጨቡልኝ ነው።»

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ። ምቱ ከእጄ ሳይወጣ ይሞታል። ጮህኩ። ጩኸቴ አፌ ላይ ቀረ። ስደክም ጥጉ ያው ነው... «ይቅር በይኝ» ይላል። ደግሞ ያለቅሳል። ፈርቼ ነበር፤ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ያንገበገበኝ አለማመኔ ነው። መንትዬ እንዲህ አያደርግም እያልኩ እዚያም ውስጥ ጠበቃው ነበርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ጋሼ ናቸው።

«ጫማሽን አይቼ ነው... ምን ነካሽ ልጄ?»

«መንትዬ የት አለ? ሲያናግረኝ ነበር።»

ጋሼ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። «በምን? መነጋገሪያው እኮ ጠፍቷል። ገመዱም ተነቅሏል።»

በባዶ እግሬ አዳራሹ ድረስ ሮጥኩ። ሰው ከብቦ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ስክሪኑ ላይ የእኔ ግራፍ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእሱ ስም ብቻ።

ወደ ኮሪደሩ ሳብኩት።

«ዘጋህብኝ።»

«ዘጋሁብሽ» አለ። ዓይኑን አልሰበረም። «አንድ ቦታ ነው ያለው። ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ለምን ይቅርታ ስትለምነኝ ዋልክ?»

ግራ ገባው።

«እኔ? ከሰባት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ እዚህ ነኝ። ይቅርታም አልጠየቅኩሽም።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። መውደቁን ቻልኩት። ያልቻልኩት ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ነው። ስፖንጅ ያዘነልኝን ያህል እሱ አላዘነልኝም።

አማካሪያችን «ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። አልነበረኝም፤ የአምስት ዓመቱ ልኬት ሁሉ የተቀመጠው በሁለታችን የጋራ ኮምፒውተር ላይ ነበር። እሱ ተመራማሪ ተባለ፤ ጸጥተኛው ክፍልም የእሱ ሆነ። እኔ ዘርፍ ለውጬ ምድር ቤት ወረድኩ። ቦይለሩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ጆሮ የሚያደነቁር ቦታ ወድጄ መርጫለሁ።

ከአራት ወር በኋላ ስልኬ ላይ ከመንትዬ መልእክት ገባ። «ነይ። እባክሽ።» ይላል።

ላልሄድ ነበር። ግን ያቺን የይቅርታ ቃል ከአፉ መስማት ፈለግሁ። አልዋሽም።

እኩለ ቀን ነው። መንትዬ ከጸጥተኛው ክፍል ውጭ ጠረጴዛው ጋ ማዳመጫ አድርጎ ተቀምጧል። ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል። ሲያየኝ ሊያለቅስ ደረሰ።

«አንቺ እዚህ ነሽ?»

«የት ልሁን?»

ወደ በሩ ጠቆመ። 

«በየቀኑ ትጠሪኛለሽ... ክፈትልኝ ትያለሽ። ስንት ጊዜ ከፈትኩት። የለሽም።»

«ይቅርታ ልትለኝ ነው የጠራኸኝ?»

 ያኔም አላለኝም። ማዳመጫውን አውልቆ ሰጠኝ።

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ሁለት።

አንዷ እኔ ነኝ። አንዱ እሱ ነው። ስለ አንድ የማይረባ ነገር እያወሩ ነው... ስለ ማለቂያ የሌለው የሒሳብ ፈተና፣ ስለ አማካሪያችን ካልሲ። ልክ ድሮ በአንድ ጠረጴዛ እንደምናወራው።

ዞሬ አየሁት። ከንፈሩ ተጣብቋል። የእኔም።

ውስጥ ያሉት ግን ይሳሳቁ ነበር።