አምስት መቶ የሚል ነጭ ገጽ

ኢንስፔክተር እስከዳር ሬሳውን ከማየቷ በፊት ሰሌዳውን አየችና ሳቋ መጣ። ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ «ዘመን ቀዳሚ የሶፍትዌር ኩባንያ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ከቢሮው ይሰፋል። ቢሮው ውስጥ ያለው ጥቂት ጠረጴዛ፣ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበርና የቢያዝን ሬሳ ነበር።

ቢያዝን የኩባንያው ዋና ፕሮግራመር ነበር፤ ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ። በጀርባው ወድቆ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በሚያቆየው የባትሪ ሣጥን የብረት ጥግ ማጅራቱን ተመትቷል። የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዷል። ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ፣ ባትሪውም አልቆ ነበርና የኮምፒውተሩ ስክሪን ጥቁር ነው።

«ወንበሩ ተንሸራቶበት ይሆናል» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ኮሌታውንስ ወንበሩ ቀደደው?» አለች እስከዳር። ፖሊሱ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ሬሳውን ያገኙት የሕንጻው ዘበኛ ሐብተ ማርያም ናቸው፤ ከወገራ የመጡ ሽማግሌ። እስከዳር ወንበር አስመጥታ አስቀመጠቻቸው።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ ከሰዓት ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ያች የሐጂ ከማሉዲን ልጅ፣ ሰሚያ፣ እያለቀሰች ወረደች። ሸጋ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልገባ፣ ማንም አልወጣ።»

«እርስዎ ከበሩ አልተነሡም?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። «ምን ብዬ እነሣለሁ!» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ይህች ቃል ለጣቢያው አዛዥ በቂ ነበረች። አዛዡ ነገር ቶሎ ካለቀለት እውነት ይሁን ውሸት ግድ የማይሰጠው ሰው ነው። የኩባንያው ትንሿ ፕሮግራመር ሰሚያ ያን ዕለት ከሟቹ ጋር ተጣልታለች፣ አልቅሳ ወጥታለች፣ ከእሷ ሌላ የገባ የለም፤ አለቀ። ልጅቷ እዚያው ምሽት ታሰረች።

«ዛሬ ማታ ፋይሏ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል» አላት አዛዡ ለእስከዳር፣ ጠዋት።

«ሰውየው እኮ እሷን ሁለት ያክላል።»

«የተናደደች ሴት አታውቂም?»

«አሁን አንዷን እያየሃት ነው» ብላው ወጣች። ከጣቢያው በር ላይ ሐጂ ከማሉዲን፣ በገበያው የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ፣ ለልጃቸው ያመጡትን ምሳ ዕቃ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንድ ሴት ልጅ ነው ያላቸው። ቀና ብለው አዩዋት። እስከዳርን ያን ቀን ሙሉ ያ አስተያየት አልለቀቃትም።

የኩባንያው ባለቤት ገብረ ኪዳን በከረባት ተቀበላት። አንዲት መስመር ኮድ ጽፎ አያውቅም፤ ግን ስለ ቴክኖሎጂ ሲያወራ አፉ ላይ አረፋ ይሞላል። መኪናው ከበሩ ላይ ቆማለች፤ ፒያሳ ሁሉ አቧራ ለብሶ እሷ ብቻ እንደ መስታወት ታበራለች።

«ለሳንጃ የሰሊጥ ነጋዴዎች የሠራነውን ዌብሳይት ልናስመርቅ ቀን ቀርቦ ነበር» አላት። «ትናንት እኔ በነጋዴዎቹ መኪና ሄጄ፣ ከነሱ ጋር አዘዞ ምሳ ላይ ነበርኩ፤ እስኪመሽ።»

ይህንስ አጣርታለች። አንዱ ነጋዴ በስልክ «መቼ ዝም አለና ይጠፋል!» ብሏታል።

«ዌብሳይቱን ማን ሠራው?»

ገብረ ኪዳን ከረባቱን ነካካ። «አዳነ ጀምሮት ነበር። ጨርሶትም ነበር ማለት ይቻላል። ግን ጉረኛ ሆነብን፤ ባለፈው ሳምንት አሰናበትነው። ስሙን ከገጹ ላይ አነሣን፤ የቢያዝንን ተካን። ትናንት ደግሞ አዳነ እንዳይገባ ፓስወርዱን ቀይር አልኩት ቢያዝንን።»

«እና ቀየረ?»

«ቀየረና ዌብሳይቱ ወደቀ! ይኸው እስካሁን አምስት መቶ የሚል ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው።»

«መኪናዎ ንጹሕ ናት» አለች እስከዳር ድንገት። «ማን ያጥባታል?»

«ሐብተ ማርያም ነዋ። ሁልጊዜ ከሰዓት፣ ከጓሮ።»

«ትናንት በነጋዴዎቹ መኪና ስለሄዱ ቆማ ነበር። ትናንትም አጠቧት?»

አሁን ነገሩ ገባው። «አጥቧታል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እነሆ አንድ ሽማግሌ እንጀራቸውን ላለማጣት ውሸት ተናገሩ፤ አንዲት ልጅ ታሰረች፤ ሁሉም የአንድ ከረባት ለባሽ መኪና እንድታብረቀርቅ። እስከዳር ስድብ አፏ ላይ መጥቶባት ምራቋን ዋጠች።

አዳነ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ከግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀቶቹን በመስታወት አስገብቶ ደርድሯል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ከወንበሩ አልተነሣም።

«እህቴ፣ ፒኤችፒ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ፍሬምወርክስ?»

«እሱንም አላውቅም። አንተ ንገረኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ፊቱ በራ። «ፒኤችፒ የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ፍሬምወርክ ደግሞ ዌብሳይት የሚሠራበት የተዘጋጀ ማዕቀፍ በይው። ዌብሳይቱ ሲበላሽ ለውጭ ሰው ምክንያቱን አይናገርም፤ አምስት መቶ የሚል ነጭ ገጽ ብቻ ያሳያል። ዝርዝሩ የሚታየው ውስጥ ገብቶ ለሚሠራው ነው። ትናንት እዚህ ቁጭ ብዬ በስልኬ ነጩን ገጽ አየሁት፤ ሳቅሁ።»

«ምን አሳቀህ?»

«እኔ መግባት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ፓስወርድ ቀይረዋል። ፍሬምወርኩ ግን የድሮውን ፓስወርድ ካሽ በሚባል ቦታ ሸጉጦ ይይዛል። ካሹ ካልጸዳ የመረጃ ቋቱን፣ የዳታቤዙን፣ በር በአሮጌው ፓስወርድ ሲያንኳኳ ይውላል። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ቢያዝን ግን...» ትከሻውን ነቀነቀ። «ነፍስ ይማር። ምን ይባላል።»

«ከቤት ወጥተህ ነበር?»

«ከዚህች በር አልወጣሁም።»

«ምናልባት ቢያዝን ደውሎ አማክሮህ ይሆን?»

«እኔን? ኩራቱ ሊፈቅድለት!»

እስከዳር አመሰገነችው። እሱም በሩን እንኳ አልዘጋላትም።

ጣቢያ ስትመለስ ሰሚያን ከእስር ክፍሉ አስጠራቻት። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል፤ ሻሿን ደጋግማ ታስተካክላለች።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«የሠራሁትን አይቶ ‹አንቺ ከአባትሽ ሱቅ ጨርቅ ብትለኪ ይሻልሽ ነበር› አለኝ። አልቅሼ ወጣሁ። በአላህ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

እስከዳር በስልኳ ነጩን ገጽ ከፍታ አሳየቻት። «ይህ ለምን ሆነ?»

ሰሚያ አየችው። «እኔ ስወጣ ይሠራ ነበር። አምስት መቶ እኮ ብዙ ምክንያት አለው። የፎልደር ፈቃድ ሊሆን ይችላል፣ ዳታቤዙ ሊሆን ይችላል፣ ኮዱ ሊሆን ይችላል። ውስጡን ሳላይ እንዴት ልወቅ? አላውቅም።»

እስከዳር ቀና ብላ አየቻት። ከጠዋት ጀምሮ «አላውቅም» ያለ ሰው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። የፖሊስ ባለሙያው የሟቹን ኮምፒውተር አስነሥቶ፣ ቢያዝን በመጨረሻ የጻፋቸውን ትእዛዞች ፎቶ አንሥቶ ሰጥቷታል። ፎቶውን ከፊቷ አደረገችላት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነበበች። «ካሽ እያጸዳ ነው። እንደገና... እንደገና...» ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት! ይኼ እኮ አሮጌው ፎልደር ነው! የዌብሳይቱ የድሮ ቅጂ። የሚሠራው ሌላው ነው። የተሳሳተ ቤት ገብቶ ነው ሲጠርግ የዋለው።»

«ይህን ከውጭ፣ በስልክ፣ ማወቅ ይቻላል?»

«በምን? ያን ሰዓት ከጀርባው ቆሞ ስክሪኑን ያየ ብቻ ነው የሚያውቀው።» ሰሚያ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ሰው ቢጠይቅ ምን ነበረበት?»

አመሻሹ ላይ እስከዳር ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ገብረ ኪዳን የተሻለውን ወንበር ያዘ። አዳነ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ሐብተ ማርያም ከበሩ ሥር ቆሙ። ሰሚያ ከሴት ፖሊስ ጋር መጣች፤ አባቷ ምሳ ዕቃውን እንደያዙ ከኋላዋ ገቡ። አዛዡም ሰዓቱን እያየ መጣ፤ ፋይሉ ብብቱ ሥር ነው።

«በመጀመሪያ» አለች እስከዳር፣ «ቢያዝን አልወደቀም። ኮሌታውን ይዞ የገፋው ሰው አለ፤ ጉልበት ያለው ሰው። ሁለተኛ፣ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። አያ ሐብተ ማርያም፣ አይፍሩ። የት ነበሩ?»

«መኪና እያጠብኩ» አሉ ሽማግሌው። «ባልናገር ይሻላል ብዬ ነው። ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሏት ሰሚያን።

«ስለዚህ ማንም መግባት ይችል ነበር። ገብረ ኪዳን አዘዞ ሲለፈልፍ ውሏል፤ ምስክር ሞልቷል። የቀረው የዌብሳይቱ ነገር ነው። ባለሙያው ኮምፒውተሩን መርምሯል።» ወደ አዳነ ዞረች። «ቢያዝንን ሰድበኸው ነበር። በሐሰት ነው። ካሹን አጽድቷል፤ ያውም ደጋግሞ። ዌብሳይቱ ግን አልተነሣም። እንግዲህ ሟቹ ሥራውን በሥርዓቱ ከሠራ፣ ጥፋቱ ከመጀመሪያው የጻፈው ሰው ነው። የበሰበሰው ያንተ ኮድ ነው ማለት ነው።»

ገብረ ኪዳን «ጠርጥሬ ነበር!» አለና ራሱን ነቀነቀ።

አዳነ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «የኔ ኮድ? የኔ? አሮጌው ፎልደር ውስጥ ተወሽቆ ሲያጸዳ ውሎ! የፎልደሩ ስም ፊቱ ላይ ተጽፎ፣ ዓይኑ ሥር፣ እያየው አያይም! ከእንዲህ ያለ ደንቆሮ ጋር ነው እኔን...»

ሰሚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«የትኛው ፎልደር?» አለች እስከዳር፣ በለሆሳስ።

አዳነ ወንበሩን ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሬሳው ሲገኝ ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየነው ባለሙያው፣ እኔና ሰሚያ ነን። አንተ ከበርህ አልወጣሁም ብለሃል። ቢያዝን አልደወለልህም፤ አንተው ነግረኸኛል፣ ስልኩም ይመሰክራል። ታዲያ የት ቆመህ አየኸው?»

«ገመትኩ።»

«ዓይኑ ሥር እንደተጻፈም ገመትክ?»

መልስ ሲፈልግ ዓይኑ የባትሪው ሣጥን ላይ አረፈና ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ስሜን መልስልኝ፣ በአንድ መስመር አስነሣልሃለሁ አልኩት» አለ በመጨረሻ። «ሳቀብኝ። ‹አንተ ማነህ?› አለኝ። በእኔ ሥራ ላይ ተቀምጦ! ኮሌታውን ያዝኩት... ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም።»

«ይህች ልጅ ባንተ ፋንታ ስትታሰርስ?»

አዳነ ሰሚያን ከእግር እስከ ራሷ አያት። እጁ በካቴና እየታሰረ እንኳ ከንፈሩ ተጣመመ። «እሷ? እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች!»

«ምንም አታውቅም» አለች እስከዳር። «ለዚህ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው።»

አዛዡ ፋይሉን ከብብቱ አውጥቶ ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሐጂ ከማሉዲን ልጃቸውን አቅፈው፣ በሰው ሁሉ ፊት ሳያፍሩ አለቀሱ። አዳነን ሲያወርዱት ደረጃው ላይ እየተሰናከለ ሄደ።

ገብረ ኪዳን ከረባቱን አስተካክሎ ወደ ሰሚያ ቀረበ። ትናንት ማታ ለፖሊስ «ግልፍተኛ ናት» ብሎ የመሰከረባት እሱ ነው። «ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «እንዲያው አሁኑኑ ቁጭ ብለሽ ዌብሳይቱን ብታስነሺልን? ነጋዴዎቹ እኮ...»

ሰሚያ ምሳ ዕቃውን ከአባቷ እጅ ተቀበለች።

«አዲሱ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ካሹን ማጽዳት ነው። አንድ መስመር ናት» አለችው። «እርስዎ ይጻፏት። አያ ሐብተ ማርያም ከዛሬ ጀምሮ በሩን ስለሚጠብቁ፣ መኪናዋንም እርስዎ ያጥቧታል።»

ከዚያ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ሽማግሌው ዘበኛ በሩን ከፍተው ጠበቋት።